ቃሉን ከነጓደኛው መያዝ፦ የእንግሊዝኛ ቃላትን ወደ ላቀ ደረጃ ማሳደጊያ

በአማርኛ ዝናቡም ነፋሱም በሽታውም ፈተናውም «ከባድ» ነው። በእንግሊዝኛ ግን ዝናብ «ሄቪ»፣ ነፋስ «ስትሮንግ»፣ በሽታ «ሲሪየስ»፣ ፈተና «ዲፊከልት» ይባላል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ተራራ ላይ የሚወርደው ጉም ደግሞ «ቲክ» ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አብዛኞቹ እነዚህ ቃላት አዲስ አይደሉም። የሚያስቸግረው የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ማወቁ ነው። የላቀ የቃላት ዕውቀት የሚባለውም ይኸው ነው፤ ብርቅ ቃል ማጠራቀም ሳይሆን ጠቃሚውን ቃል ከነጓደኛውና ከነቤተሰቡ መያዝ። ጓደኛው አብሮት የሚሄደው ቃል ነው፤ ቤተሰቡ ከአንድ ሥር የወጡት ቃላት ናቸው።

መዝገበ ቃላትን ከ«ኤ» ጀምሮ መሸምደድ ትርፉ ድካም ነው፤ በዓመት አንዴ የማያጋጥም ቃል ከዕለት ተዕለቱ እኩል ጊዜ ይበላል። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ እጅግ የሚዘወተሩትን 2,000 ያህል ቃላት አረጋግጡ። ከዚያ ወደ አካዳሚክ የቃላት ዝርዝር እለፉ። ይህን ዝርዝር በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የኒውዚላንዷ አቨሪል ኮክስሄድ ናት። 570 የቃል ቤተሰቦች በ10 ንዑስ ዝርዝር ተከፍለዋል፤ በጣም የሚዘወተሩት የመጀመሪያው ላይ ናቸው። በትምህርት ጽሑፍ ውስጥ ከ100 ቃል 10 ያህሉ ከዚህ ዝርዝር ሲሆኑ በልብ ወለድ ውስጥ ግን 2 እንኳ አይሞሉም። ልብ ወለድ ብቻ እያነበበ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ የሚከብደው ሰው ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ምህንድስና፣ ደሴ ጤና የሚማር ሰው በዝርዝሩ ላይ የራሱን መማሪያ መጽሐፍ ቃላት ይጨምር። ለንባብ የምትመርጡት ጽሑፍ ከ100 ቃል ውስጥ ከ5 በላይ የማታውቁት ካለበት ለጊዜው ተዉት፤ ከዐውዱ ትርጉም መገመት ያስቸግራል።

ቃላቱን የምታጠኑበት ካርድ እንዲህ ይሠራል። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ስትቆርጡት 8 ካርድ ይወጣዋል። ፊቱ ላይ የአማርኛውን ትርጉምና ቃሉ የጎደለበት አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ ጀርባው ላይ ቃሉን፣ ሁለት ጓደኞቹንና ቤተሰቡን ጻፉ። «ኮንክሉዥን»ን እንውሰድ። ጓደኞቹ «ሪች» እና «ድሮው» ናቸው። ቤተሰቡ «ኮንክሉድ» እና «ኮንክሉሲቭ» ነው። እኛ «መደምደሚያ ላይ ደረስን» ስለምንል ብዙ ሰው ከ«ሪች» ቀጥሎ «ኦን» ወይም «ቱ» ይጨምራል፤ እንግሊዝኛው ግን እዚህ መስተዋድድ አይፈልግም። «ዲስከስ» ላይም ያው ነው፤ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚለው ልማዳችን «አባውት»ን ይጎትታል፣ ስሕተትም ነው። አማርኛው የሚያሳስትበትን ቦታ ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምሩበት።

እዚህ በፊደላችን የጻፍነው ለንባብ እንዲቀል ነው፤ ካርዱ ላይ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ጻፉ። ሳድስ ፊደል አናባቢ ይኑረው አይኑረው አያሳይም፣ የትኛው ክፍለ ቃል ጠንክሮ እንደሚነገርም አይነግርም። «ኢኮኖሚ» ሲባል የሚጠነክረው «ኮ» ነው፣ «ኢኮኖሚክ» ሲሆን ግን ወደ «ኖ» ይሄዳል። አነጋገሩን የስልክ መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ አድምጡ፣ የሚጠነክረውንም ክፍል አስምሩበት።

የቃል ቤተሰብ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት ከአንድ ሥር እንደወጡ ሳንማር እናውቃለን። ልዩነቱ እንግሊዝኛው አንዳንዴ ቤተሰቡን በትርጉም መለያየቱ ነው፦ «ኢኮኖሚክ» ኢኮኖሚን የሚመለከት ሲሆን «ኢኮኖሚካል» ቆጣቢ ማለት ነው። ቅድመ ቅጥያም ያግዛል፣ ግን አትተማመኑበት፤ «ኢን» ብዙ ጊዜ አፍራሽ ቢሆንም «ኢንፍላመብል» ማለት ተቀጣጣይ ነው።

መጠኑ በቀን 5 ቃል፣ በሳምንት 6 ቀን ይሁን፤ ሰባተኛው ቀን ለክለሳ ብቻ። በሳምንት 30 ስለሚሆን 570ው በ19 ሳምንት ያልቃል። በቀን 20 የሚጀምር ሰው ክለሳው ይከመርበትና ሊያቆም ይችላል። የጫማ ካርቶን በ5 ክፍል ከፋፍሉ፦ አንደኛው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በ3 ቀን፣ ሦስተኛው በሳምንት፣ አራተኛው በ2 ሳምንት፣ አምስተኛው በወር ይከለሳል። ያወቃችሁት ካርድ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፣ የተሳሳታችሁት ከየትም ቢሆን ወደ አንደኛው ይመለሳል። ጀርባውን ከማየታችሁ በፊት መልሱን ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። ገልጦ «አዎ፣ አውቀው ነበር» ማለት ክለሳ አይደለም።

ተቃራኒዎችንና ተመሳሳዮችን በአንድ ቀን አታጥኑ፤ አእምሮ ውስጥ ይቀላቀላሉ። «ቦሮው» እና «ሌንድ» ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ «መበደር»ንና «ማበደር»ን አብሮ የሸመደደ ለወራት ይደናገራል። አንዱን ያዙ፣ ሌላውን የመጀመሪያው ቃል ካርድ ሦስተኛው ክፍል ሲደርስ ጀምሩ።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የምትመላለሱ ከሆነ 25 ኪሎ ሜትሩ ለክለሳ ይበቃል። ሐረጎን ሲወርዱ ካርድም ሆነ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ግን ያዞራል፤ ከመሳፈራችሁ በፊት 10 ካርድ አንብቡ፣ በመንገድ ላይ ጓደኞቻቸውን በቃላችሁ አስታውሱ።

በሳምንት 3 ምሽት 8 ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ ጻፉ፤ የጠዋቱን ጉም፣ የፒያሳን ገበያ፣ የቦርከናን ወንዝ። ከሳምንቱ ካርዶች 5 ቃል ይግቡበት። ከዚያ እያንዳንዱን ጥምረት መዝገበ ቃላቱ ከሚሰጠው ምሳሌ ጋር አስተያዩ፤ ምሳሌ ያላገኛችሁለትን ጥምረት ሰርዛችሁ ያገኛችሁትን ካርዱ ጀርባ ላይ ጨምሩና ካርዱን ወደ አንደኛው ክፍል መልሱት።