ልብስ ሲገዙ በሰውነት መሸማቀቅ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልብስ ሊገዙ ወጥተው በልብስ ፋንታ ኀፍረት ይዘው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሱሪው ጭን ላይ ደርሶ አላልፍ ሲል፣ የሸሚዙ ቁልፍ ደረት ላይ አልገጥም ሲል፣ ወይም ጃኬቱ ከትከሻ ወርዶ ሲንጠለጠል፣ ወደ አእምሯቸው ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «ይህ ልብስ ለእኔ አልተሠራም» የሚለው ሳይሆን «ችግሩ እኔ ነኝ» የሚለው ነው። ይህ ስሜት የወፍራሞች ብቻ አይደለም፤ ቀጫጭኖች፣ አጫጭሮች፣ እጅግ ረጃጅሞች፣ ከወሊድ በኋላ ሰውነታቸው የተለወጠ እናቶች፣ ከሕመም ያገገሙ ሰዎች፣ ቦርጫቸው የሚያሳስባቸው ወንዶች ሁሉ ያውቁታል። ስሜቱን የሚያባብሱት አብዛኞቹ ስህተቶች ግን ከሰውነት ሳይሆን ከአመለካከትና ከግዢ ልማድ የሚመነጩ ስለሆኑ ሊታረሙ ይችላሉ።

በልብሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንደ ፍርድ መቀበል

ከሁሉም ሥር የሰደደው ስህተት ይህ ይመስለኛል። በልብሱ የውስጥ ጠርዝ ላይ የተሰፋችው ትንሽ ምልክት የያዘችው ቁጥር ወይም ፊደል ስለ ሰውነታችን የተነገረ እውነት ተደርጎ ይወሰዳል፤ ከትናንቱ በአንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ሲገኝም ብዙ ሰው ልብሱ ልኩ ሆኖ ሳለ ሳይገዛው ይሄዳል። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ክብደቱን ያቀልላል። እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ለልብስ ስፌት የሚሆን መለኪያ ለማግኘት ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን በማስለካት ከእያንዳንዳቸው 59 ልኬቶችን ወስዶ ነበር። ውጤቱ በ1941 ቢታተምም ለትንተናው የዋለው የነጭ ሴቶች ልኬት ብቻ ነበር። በ1958 አገሪቱ በዚሁ ጥናት ላይ የተመሠረተ የቁጥር ደረጃ አወጣች፤ አምራቾቹ ግን እያደር ከደረጃው ስለራቁ በ1983 ደረጃው ራሱ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አምራች ቁጥሩን እንደ ራሱ ደንበኞችና እንደ ራሱ የንግድ ስሌት ይሰጣል። ብዙዎች ገዢን ለማስደሰት ሲሉ ሰፊውን ልብስ በትንሽ ቁጥር ስለሚሰይሙ፣ የዛሬው ልብስ ከስድሳ ዓመት በፊት ተመሳሳይ ቁጥር ከነበረው ልብስ በእጅጉ ይሰፋል።

በፋብሪካ ውስጥ ያለው አሠራርም የቁጥሩን አስተማማኝነት የበለጠ ይቀንሳል። ንድፍ አውጪው መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ለአንድ ልክ ብቻ ነው፤ ልብሱም በአንድ ሞዴል ላይ ተሞክሮ ይስተካከላል፤ ሌሎቹ ቁጥሮች የሚገኙት ያንን ንድፍ በተወሰነ መጠን ደረጃ በደረጃ በማስፋትና በማጥበብ ነው። የሰው አካል ግን በደረጃ አይሰፋም፤ ዳሌው የሰፋ ሰው ትከሻው አብሮ አይሰፋም፣ ሆዱ የገፋ ሰውም ክንዱ አይረዝምም። በዚህ ላይ ጨርቁ ተደራርቦ በአንድ ጊዜ ስለሚቆረጥ፣ ከአንድ መደርደሪያ የተነሱ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ሱሪዎች በወገባቸው በሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ።

ስለዚህ ማወቅ የሚያስፈልገው ቁጥርን ሳይሆን ሴንቲሜትርን ነው። ለስለስ ያለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘው፣ በስስ ልብስ ላይ፣ ሜትሩን ከወለሉ ጋር ትይዩ አድርገውና ሳያጠብቁ ደረትዎን፣ ወገብዎን፣ የዳሌዎን ሰፊ ክፍልና የእግርዎን የውስጥ ርዝመት ይለኩና ይጻፉት። ሆድን ወደ ውስጥ ስቦ መለካት ራስን ከማታለል በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ከዚህ የበለጠ የሚያስተማምነው ደግሞ ቤት ያለውንና ልክዎ የሆነውን ልብስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መለካትና ያንን ከሚገዙት ጋር ማስተያየት ነው። ወደ መለኪያ ክፍል ሲገቡ አንዱን ልብስ በሦስት ተከታታይ ቁጥሮች ይዘው ይግቡ፤ መካከለኛው ካልሆነ ልብስዎን አውልቀው፣ እንደገና ለብሰው፣ ወጥተው ሌላ ቁጥር መጠየቅ አይኖርብዎትም። ያ መመላለስ ነው ብዙውን ሰው የሚያሸማቅቀው።

«መደበኛ ሰውነት» አለ ብሎ ማመን

ልብስ ያልሆነው ሰው ከመደበኛው የወጣ ሰውነት ያለው ይመስለዋል። ይህን እምነት በግልጽ ያፈረሰ አንድ ምርመራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 የአሜሪካ አየር ኃይል የአብራሪ ክፍሉ ለአብራሪዎች ይመች እንደሆነ ለማወቅ 4,063 አብራሪዎችን አስለካ። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የነበረው ጊልበርት ዳንኤልስ ቁመትን፣ ደረትን፣ የእጅጌ ርዝመትን ጨምሮ አሥር ልኬቶችን መርጦ፣ በእያንዳንዱ ልኬት መካከለኛው 30 በመቶ ውስጥ የሚገኘውን ሰው «አማካይ» ብሎ ወሰደው። በአሥሩም ልኬቶች አማካይ ሆኖ የተገኘ አብራሪ አንድም አልነበረም። ሦስት ልኬቶችን ብቻ ሲወስድ እንኳ በሦስቱም አማካይ የሆኑት ከ3.5 በመቶ ያንሱ ነበር። እነዚህ ሰዎች ደግሞ አስቀድሞ በቁመትና በአቋም ተመርጠው የተቀጠሩ እንደነበሩ ልብ ይሏል። የአየር ኃይሉ መልስ አብራሪዎቹን መቀየር ሳይሆን መቀመጫውንና መሣሪያውን እንደየሰው የሚስተካከል ማድረግ ሆነ።

ለልብስ ገዢም ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። ተዘጋጅቶ ከተሰቀለ ልብስ መካከል በሁሉም በኩል ልክ የሚሆን ማግኘት ዕድል እንጂ ደንብ አይደለም፤ ስለዚህ ልብሱን ለሰውነትዎ ሰፊ ክፍል እንዲበቃ አድርገው ይግዙና ቀሪውን ልብስ ሰፊ ያስተካክለው። ዳሌዎ ከወገብዎ ጋር ሲነጻጸር ሰፋ ካለ ሱሪውን ለዳሌ ገዝቶ ወገቡን ማስጠበብ ቀላል ሥራ ነው፤ ርዝመትን ማሳጠር ከዚያም ይቀልላል። ትከሻን ማስተካከል ግን ልብሱን ከሞላ ጎደል ፈትቶ መስፋት ስለሚጠይቅ ጃኬትና ሸሚዝ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያዩት ትከሻው ይሁን። ማስፋት የሚቻለው በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ካለ ብቻ ነውና ከመግዛትዎ በፊት ልብሱን ገልብጠው ይመልከቱ። ወደ ልብስ ሰፊ መሄድ የሰውነት ጉድለት ማስተካከያ አይደለም፤ ውድ ልብስ የሚለብሱ ሰዎች ልብሳቸው የሚያምርባቸው አብዛኛውን ጊዜ አስተካክለው ስለሚለብሱት ነው።

ለመጪው ሰውነት መግዛት

«ስቀንስ እለብሰዋለሁ» ወይም «ሰውነት ስጨምር ይሆነኛል» ተብሎ የተገዛ ልብስ ቁም ሣጥን በተከፈተ ቁጥር የሚታይ ወቀሳ ይሆናል። ክብደትን ለመለወጥ መፈለግ የየሰው ምርጫ ነው፤ ሐኪም ያዘዘው ከሆነም በቁም ነገር ሊያዝ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ጠባብ ልብስ ማንንም አላቀጠነም። ሰውነትዎ በመለወጥ ላይ ከሆነም እስከዚያው የሚለብሷቸው ጥቂት፣ ልክ የሆኑና ወገባቸው ላስቲክ ያለው ልብሶች ቢኖሩዎት ቀኑን በመጨነቅ አያሳልፉም። ዛሬ ያለው ሰውነት ዛሬ በሚሆነው ልብስ መልበስ አለበት።

ሰውነትን ለመደበቅ ብቻ መምረጥ

መሸማቀቅ የያዘው ሰው ልብስ የሚመርጠው «ደስ ይለኛል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ይሸፍንልኛል ወይ?» ብሎ ነው። ከዚያ የሚከተለው ከልክ በላይ ሰፊ የሆነ፣ ሁልጊዜ ጥቁር የሆነ፣ በሙቀትም ጊዜ የማይወልቅ ልብስ ነው። ሰፊ ልብስ ከሰውነቱ በጣም ሰፊው ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ፣ የሚሸፍነው ሰው ከእውነተኛ ልኩ ይበልጥ እንዲገዝፍ ያደርገዋል፤ ቀጭኑን ደግሞ የበለጠ ያሳንሰዋል።

በዚህ ጉዳይ የሚነገሩ ደንቦችም ሁሉም ተፈትነው የጸኑ አይደሉም። «አግድም መስመር ያወፍራል» የሚለውን ብዙ ሰው እንደ ሕግ ይዞታል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1867 በአግድም መስመሮች የተሞላ ካሬ በቋሚ መስመሮች ከተሞላ እኩል ካሬ ይልቅ ረዘምና ጠበብ ብሎ እንደሚታይ ጽፎ ነበር። በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ፒተር ቶምፕሰንም እ.ኤ.አ. በ2008 መስመር ያላቸው ቀሚሶች የለበሱ ሴቶችን ምስሎች ለሰዎች አሳይቶ በማስገመት አግድም መስመር እንደማያወፍር አስታውቋል። የሚወዱትን መስመር ያለው ሹራብ በዚህ ደንብ ምክንያት ትተውት ከነበረ መልሰው ሊያስቡበት ይገባል።

በመለኪያ ክፍሉ መስተዋት ብቻ መፍረድ

የመለኪያ ክፍል ጠባብ ነው፤ መብራቱም አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ከአናት ላይ ይወርዳል። ከላይ የሚመጣ ብርሃን ከእያንዳንዱ እጥፋት ሥር ጥላ ስለሚጥል ቆዳንና የሰውነትን ቅርጽ በዕለት ተዕለት ሕይወት ማንም ከማያይበት አኳኋን ያሳያል። ማንም ሰው እርስዎን ከአንድ እርምጃ ርቀት፣ በነጭ መብራት ሥር፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት እየመረመረ አያይዎትም።

ከብርሃኑ የሚከፋው ግን ሰው በመስተዋቱ ፊት ወደ ራሱ ተመልካችነት መለወጡ ነው። ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ወጣት ሴቶችና ወንዶች ለብቻቸው ክፍል ገብተው በትልቅ መስተዋት ፊት አንዳንዶቹ የዋና ልብስ፣ ሌሎቹ ሹራብ እንዲለኩ ከተደረገ በኋላ የሒሳብ ፈተና ተሰጣቸው። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ዝቅ ያለ ውጤት ሲያመጡ፣ በወንዶቹ ዘንድ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። ሰውነትን በውጭ ሰው ዓይን መመርመር የአእምሮን አቅም ይሻማል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ስለ ገንዘቡም ሆነ ስለ ልብሱ በጎ ውሳኔ ላይ መድረስ ይቸግረዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጀርባዎን ለመስተዋቱ ሰጥተው ልብሱን በሰውነትዎ ይፈትኑት። ይቀመጡ፤ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ፤ ጎንበስ ብለው ጫማዎን ይንኩ፤ በረጅሙ ይተንፍሱ። ወገብ ላይ የሚቆርጥ፣ ብብት ላይ የሚስብ፣ ሲቀመጡ የሚገፋ ልብስ በመስተዋት ቢያምርም ቤት ገብቶ አይለበስም። ወደ መስተዋቱ የሚዞሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚመለከቱትም ስፌቱ ቀጥ ማለቱንና ጨርቁ የሚሰበሰብበትን ቦታ ይሁን። በተጨማሪ ደክሞዎት ወይም ሆድዎ ተነፍቶ ባለበት ሰዓት አይለኩ፤ የወገብ ልክ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ከፍና ዝቅ ይላል።

ሰው ሁሉ ያየኛል ብሎ ማሰብ

በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የሚያሳፍር ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወደተሰበሰቡበት ክፍል እንዲገቡ ተደረገ። የለበሱት ሰዎች ክፍሉ ውስጥ ካሉት ግማሽ የሚጠጉት ምስሉን እንዳዩት ገመቱ፤ በትክክል ያስተዋሉት ግን ሩብ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከመለኪያ ክፍል ወጥተው ወደ ትልቁ መስተዋት ሲራመዱ የሚሰማዎት የሰው ሁሉ ዓይንም እንዲሁ በግምት የበዛ ነው፤ በአካባቢው ያለው ሰው አብዛኛው የራሱን ልብስ እየተመለከተ ነው።

የሚያሸማቅቅ ሰው ይዞ መሄድ

ግምት ያልሆነ ትችትም አለና ይህ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም። «አንቺ ወፍረሻል፣ ይህ አይሆንሽም» ወይም «አጥንትህ ብቻ ነው የቀረው» የሚል ዘመድ ወይም ጓደኛ በፍቅር ቢናገርም የሚያደርሰው ጉዳት ከጠላት ንግግር አያንስም። አብሮዎት የሚሄደው ሰው ስለ ልብሱ እንጂ ስለ ሰውነትዎ የማይናገር ይሁን፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ካላገኙ ብቻዎን መሄድ ይሻላል። ሻጭ ሳይጠየቅ ስለ አካልዎ ቢናገር «ስለ ልብሱ ብቻ ንገረኝ» ማለት ይበቃል። ለልጆቻቸው ልብስ የሚገዙ ወላጆች ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ ልብሱ ካልሆነ «ይህ ጠበበ፣ ሌላ እንይ» ሊባል ይገባል እንጂ የልጁ ሆድ ወይም እግር ስም መነሳት የለበትም።

ከልብስ በላይ የሆነን ጭንቀት በልብስ ለመፍታት መሞከር

በመስተዋት ፊት በየቀኑ ረጅም ሰዓት የሚያሳልፍ፣ ወይም መስተዋትን ፈጽሞ የሚሸሽ፣ ሌሎች የማያስተውሉትን እንከን ደጋግሞ የሚፈትሽ፣ በሰውነቱ ምክንያት ከሥራና ከግብዣ የሚቀር፣ ራሱን ምግብ የሚከለክል ወይም በልቶ የሚያስመልስ ሰው ያለበት ችግር የልብስ ምርጫ አይደለም። ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ሊሆን ይችላል። በተለይ የአስተሳሰብንና የባሕርይን ልማድ የሚያርም የንግግር ሕክምና ብዙዎችን ረድቷል፤ አንዳንዴም ሐኪም መድኃኒት ይጨምርበታል። ምልክቶቹን በራሱ ላይ ያየ ሰው አዲሱን ልብስ አቆይቶ መጀመሪያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም ያነጋግር፤ በቤተሰቡ ላይ ያስተዋለም ስለ መልኩ ሳይከራከር ወደ ሐኪሙ አብሮት ይሂድ።