የሰው ሆርሞን ኪት ለውሻ ደም ሲውል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሆርሞን መለኪያ ማሽን ውስጥ የማንኛውም እንስሳ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለይ ፈሳሽ) ቢገባ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ የውሻውን ሆርሞን በትክክል ስለመለካቱ ግን ላቦራቶሪው ራሱ ማረጋገጥ አለበት።

ሁሉንም ሆርሞን በአንድ ዓይን ማየት። ኮርቲሶል (የጭንቀት ሆርሞን) እና ቲ4 (የታይሮይድ ሆርሞን) በሰውም በውሻም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ለሰው ደም የተሠራ የመለኪያ ኪት ሊለካቸው ይችላል። ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያነቃቃው ሆርሞን) ግን የተለየ ስለሆነ ለውሻ የተዘጋጀ አንቲቦዲ (ሆርሞኑን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ይፈልጋል። የውሻ ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ አንዳንድ የሰው ኪቶች አያገኙትም።

ዝቅተኛውን መጠን ሳይፈትሹ ማለፍ። ብዙው ጥፋት የሚፈጠረው እዚህ ነው። የጤናማ ውሻ ቲ4 ከሰው በብዙ ያነሰ ሲሆን በአብዛኛው ከ15 እስከ 50 ናኖሞል በሊትር ነው። በዴክሳሜታሶን ምርመራም (ኮርቲሶል በመድኃኒቱ ይቀንስ እንደሆነ በሚታይበት) ውሳኔው የሚሰጠው ኮርቲሶል 40 ናኖሞል አካባቢ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከኪቱ ጋር የመጣው መቆጣጠሪያ ናሙና አይበቃም። መጠኑ ለውሳኔው ቁጥር የቀረበ የውሻ ሴረም ቀላቅለው በትንንሽ ቱቦ ያቀዝቅዙ፤ በአንድ ዙር 10 ጊዜ፣ ከዚያም በተለያዩ 10 ቀናት ይለኩት። ልዩነቱ በአንድ ዙር ከ10 በመቶ፣ በቀናት መካከል ከ15 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል።

ሴረሙን በቡፈር (አሲድነቱ በቀላሉ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) ብቻ ማቅጠን። የውሻ ደም ሆርሞን የሚይዙ ፕሮቲኖቹ ከሰው ስለሚለዩ በቡፈር ሲቀጥን ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። ሆርሞኑ በከሰል የተወገደለት የውሻ ሴረም ይሻላል። 400 ናኖሞል ኮርቲሶል ያለው ናሙና በ2 ሲቀጥን 200፣ በ4 ሲቀጥን 100 አካባቢ መስጠት አለበት። በ4 የቀጠነው 140 ቢያሳይ፣ ተባዝቶ 560 ይሆናል፤ ይህ ማለት ከሆርሞኑ ውጭ የሆነ ነገር ንባቡን እያዛባ ነው። የታወቀ መጠን ሆርሞን ጨምረው ሲለኩም ከ80 እስከ 120 በመቶው መገኘት ይኖርበታል።

ናሙናውን ችላ ማለት። ጄል ያለበት ቱቦ ፕሮጄስትሮንን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ኤሲቲኤች (ኮርቲሶል እንዲመነጭ የሚያደርግ ሆርሞን) ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት ፕላስቲክ ቱቦ ተቀድቶ ወዲያው በቅዝቃዜ መያዝ አለበት። ቀይ የደም ሴል የፈረሰበት ናሙና ኢንሱሊንን ያጠፋል። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ውሻ ኮርቲሶሉ ከፍ ያለ ሊመስል፣ የቲ4 አንቲቦዲ ያለበት ውሻ ደግሞ ቲ4ቱ በሐሰት ሊያድግ ይችላል።

አዲስ ኪትን ከነባር ዘዴ ጋር ሲያነጻጽሩ በአር (የሁለቱ ውጤቶች አብሮ የመሄድ መለኪያ) ብቻ መርካት። አር 0.98 ቢሆንም አዲሱ ኪት ሁሉንም ናሙና በ30 በመቶ ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ልዩነቱን በየናሙናው በግራፍ ይመልከቱ።

የሰውን መደበኛ ወሰን መጠቀም። የራስን ወሰን ለማውጣት ቢያንስ 120 ጤናማ ውሾች ይመከራሉ። ግሬይሀውንዶችን ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅሉ፤ ቲ4ቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው።

በመጨረሻም ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻ መቅረት። ለጤናማ ውሻ ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች 5 ማይክሮግራም በኪሎ በደም ሥር ሰጥተው፣ ከመርፌው በፊትና ከ60 ደቂቃ በኋላ ደም ይውሰዱ። መድኃኒቱ በትክክል ተሰጥቶ ኮርቲሶሉ በግልጽ ካልጨመረ ኪቱ ተጠርጣሪ ነው።