የበጎ አድራጎት ድርጅት የሒሳብ ሶፍትዌሩን መቼ መቀየር አለበት?

ብዙ የአገር ውስጥ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የሒሳብ ሶፍትዌር የመቀየር ጉዳይ የሚያነሡት ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ወይም የጎረቤት ድርጅት አዲስ ሶፍትዌር መግዛቱን ሲሰሙ ነው። ሁለቱም በቂ ምክንያት አይደሉም። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ለለጋሽ የሚላከው ቁጥር የት ተሠርቶ እንደሚወጣ ነው። ቁጥሩ ከሒሳብ መዝገቡ በቀጥታ የሚወጣ ከሆነ ሶፍትዌሩ ቢያረጅም ሥራውን እየሠራ ነው፤ ነገር ግን ከሶፍትዌሩ ወጥቶ ኤክሴል ላይ ከተከፋፈለ፣ ከተደመረና ከተስተካከለ በኋላ የሚላክ ከሆነ የድርጅቱ እውነተኛ መዝገብ ያ የኤክሴል ፋይል ሆኗል። ያን ፋይል ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረበት የሚያሳይ ምንም ነገር የለም።

ይህን ለመፈተን ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ለለጋሽ የተላከውን የመጨረሻ የሒሳብ ሪፖርት ይውሰዱና ከውስጡ ጥቂት የወጪ መስመሮችን ይምረጡ፤ ለምሳሌ የሥልጠና፣ የመጓጓዣና የደመወዝ። ሒሳብ ሹሙ ለእያንዳንዱ መስመር ድምሩ ከሪፖርቱ ጋር እኩል የሚመጣ የክፍያዎች ዝርዝር ከነቫውቸር (የክፍያ ማስረጃ ሰነድ) ቁጥሩ ከሶፍትዌሩ እንዲያወጣ ይጠይቁ። ዝርዝሩ ወዲያው ወጥቶ ቁጥሩ ከገጠመ የመቀየር ጥድፊያ የለም። ካልገጠመ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ሳይታወቅ ወደ ግዢ መሄድ አይገባም፤ ምክንያቱም ችግሩ ከሁለት ቦታ በአንዱ ሊሆን ይችላል፦ ከሶፍትዌሩ አቅም ወይም ከአጠቃቀሙ።

አጠቃቀሙን መመርመር የሚቀድመው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። በአገራችን በድርጅቶች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የቆየው ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ወጪን በፕሮጀክት ለይቶ መያዝ የሚያስችል ክፍል አለው፤ ኩዊክቡክስም ተመሳሳይ መለያ አለው። ይህ መለያ ሳይሞላ በየዕለቱ እየተመዘገበ፣ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሁሉም ወጪ ኤክሴል ላይ ለፕሮጀክቶች የሚታደል ከሆነ አዲስ ሶፍትዌር ቢገዛም ልማዱ አብሮ ይሻገራል። የባንክ ሒሳብ ከመዝገቡ ጋር ለወራት ሳይታረቅ የሚቆይበት፣ የሠራተኞች ቅድመ ክፍያ ሳይወራረድ የሚከማችበት ድርጅትም መጀመሪያ ማስተካከል ያለበት የሥራ ሥርዓቱን ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ገንዘቡን ለሶፍትዌር ከሚያውለው ይልቅ ለሒሳብ ሠራተኛው ሥልጠና ቢያውለው የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልማዱ ተስተካክሎም ችግሩ ካልተፈታ ግን ሶፍትዌሩ አቅሙን ጨርሷል ማለት ነው። ይህ ጎልቶ የሚታየው ለጋሾች ሲበዙ ነው። ሐምሌ 1 የሚጀምር የበጀት ዓመት ያለው ድርጅት፣ አንዱ ለጋሹ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር፣ ሌላው ከኦክቶበር እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ሪፖርት ቢጠይቁት፣ ያው አንድ ክፍያ በሦስት የጊዜ ክልሎች ውስጥ በትክክል መውጣት አለበት። ፒችትሪ በአንድ ጊዜ ክፍት አድርጎ የሚይዘው ሁለት የበጀት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ለሦስት ዓመት የተሰጠ ግራንት (ለጋሹ ለፕሮጀክት የሚሰጠው ገንዘብ) ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ድምር ሲጠየቅ የተዘጋውን ዓመት ቁጥር በእጅ ማምጣት ሊያስፈልግ ይችላል። አንድ ግራንት ብቻ ሲሆን ይህን መቻል ይቻላል፤ አራትና አምስት ሲሆን ግን የስህተት በር ይሆናል።

የውጭ ምንዛሬ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት 100,000 ዶላር የተቀበለ ድርጅት በእጁ የገባው 5.7 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ ቀጣዩን ተመሳሳይ ክፍያ ከለውጡ በኋላ የተቀበለ ግን ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ አገኘ። በጀቱ በዶላር፣ ኪራዩና ደመወዙ በብር በሆነበት ሁኔታ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ገና ሳያልቅ ሁለተኛው ከገባ የትኛው ወጪ በየትኛው ተመን ይታሰባል የሚለው ጥያቄ የሺዎች ዶላር ልዩነት ያመጣል። መልሱ ያለው በለጋሹ ውል ውስጥ ነው። ሶፍትዌሩ ግን እያንዳንዱን የገንዘብ ዝውውር በሁለቱም ገንዘቦች፣ ከነተመኑና ከነቀኑ መያዝ መቻል አለበት። መዝገቡ በብር ብቻ ተይዞ ዶላሩ ሪፖርት ሲደርስ በአማካይ ተመን የሚሰላ ከሆነና ድርጅቱ ከአንድ በላይ የውጭ ለጋሽ ካለው፣ ለእኔ ይህ ብቻውን ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው።

ሕጉም የራሱን ጥያቄ ያቀርባል። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። ቀደም ሲል የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ግን ጣሪያውን ከዓመታዊ ወጪው 30 በመቶ አድርጎ፣ የአስተዳደር ወጪ የሚባለውን በጣም አስፍቶት ነበር። የሒሳብ መደቦቻቸውን በአሮጌው 70/30 አከፋፈል ያዋቀሩና እስከ ዛሬ ያልነኩ ድርጅቶች፣ በአዲሱ አዋጅ የፕሮጀክት ሥራ የሆነውን ወጪ በአስተዳደር ስም እየያዙ ራሳቸውን ሊጎዱ ይችላሉ። እያንዳንዱ ወጪ ገና ሲመዘገብ አስተዳደር ወይም ፕሮግራም ተብሎ መለየት አለበት። ደመወዝም እንዲሁ ነው፤ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ከግብር ነፃ የሆነው ወርኃዊ ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ የግብር ሠንጠረዡን ራሱ ሒሳብ ሹሙ ሊቀይረው ያልቻለ የደመወዝ ፕሮግራም ስሌቱን ወደ ኤክሴል መልሶታል።

አንድ ምልክት ግን ጊዜ አይሰጥም። አንድ ሰው ብቻውን ክፍያ መመዝገብ፣ ማጽደቅና ያለፈውን ወር ግቤት ዱካ ሳይተው መሰረዝ የሚችል ከሆነ፣ ወይም ሶፍትዌሩ ያለ ፈቃድ የተጫነ ቅጂ ሆኖ ማሻሻያም ድጋፍም የማያገኝ ከሆነ፣ የድርጅቱ መጠን ምንም ይሁን ምን መቀየሩን ማዘግየት አይገባም። ገንዘቡ የተሰጠው ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን ወይም ለተፈናቀሉ ሰዎች ነው፤ ስለዚህ የጠባቂነት ግዴታችን ከተራ ነጋዴ ይበልጣል።

ለመቀየር ከተወሰነ በምርጫው ላይ በአገራችን ሁለት ነገሮች ከባድ ሚዛን አላቸው። በኢንተርኔት ላይ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ከየትም ቢሮ ሊከፈቱና መጠባበቂያ ቅጂ ሊይዙ ይችላሉ፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በሚቋረጥበት አካባቢ ያለ የመስክ ቢሮ ያለ መስመርም መመዝገብ መቻል አለበት። ሁለተኛው፣ በየዓመቱ በዶላር የሚከፈለው የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ ድርጅቱ የውጭ ምንዛሬ የሚያገኝበት አስተማማኝ መንገድ ከሌለው አንድ ክፍያ በዘገየ ቁጥር የራሱን መዝገብ መክፈት እንዳይችል ያሰጋዋል። ሻጩ በራሱ ናሙና የሚያሳየውን አይቶ መወሰን አይበቃም። ከላይ የተፈተነውን የለጋሽ ሪፖርት ከነቫውቸሮቹ ይስጡትና በእናንተ ፊት እንዲያወጣው ይጠይቁት። ወጪውን በተመለከተ፣ ከፈቃዱ ዋጋ በተጨማሪ ሥልጠናና የመረጃ ማሸጋገር ሥራ ስለሚኖር፣ ሁሉንም በቀጣዩ የፕሮጀክት ሐሳብ በጀት ውስጥ በግልጽ ማስገባት ይሻላል፤ ለጋሹ የሚጠይቀው ሪፖርት የሚወጣው በዚያው ሶፍትዌር ነውና።

መሸጋገሪያው ቀን የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ቢሆን ሥራው በእጅጉ ይቀላል፤ የግራንት መዝጊያ ወርና የኦዲት ወቅት ግን መወገድ አለባቸው። የመክፈቻ ሚዛኑ እንደ አንድ ድምር ሳይሆን በየለጋሹ ተለይቶ መግባት ይኖርበታል፤ የባንክ ቀሪው ትክክል ሆኖ የየግራንቱ ቀሪ ካልታወቀ አዲሱ መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ አሮጌው ኤክሴልን ይጠራል። ሁለቱ ሶፍትዌሮች ቢያንስ አንድ የለጋሽ ሪፖርት አብረው እስኪያወጡና ቁጥራቸው እስኪገጥም ጎን ለጎን ይሥሩ፤ ይህ ለሒሳብ ክፍሉ ድርብ ሥራ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ በእነዚያ ወራት ሌላ ተጨማሪ ሥራ ሊያሸክመው አይገባም። አሮጌው መዝገብም ከነፕሮግራሙ ሊከፈት በሚችልበት ሁኔታ ይቀመጥ፤ ሙሉ ሌጀሩም (የሁሉም ሒሳቦች ዝርዝር መዝገብ) በፒዲኤፍና በኤክሴል ወጥቶ፣ ከሒሳብ ሹሙ ኮምፒውተር ውጭ ሥራ አስኪያጁ ሊያገኘው በሚችል ሌላ ቦታ ይያዝ። ሕጉና የለጋሽ ውሎቹ ያስቀመጡት የማቆያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ኦዲተር በማናቸውም ቀን ሊጠይቀው ይችላል።