ሞላ ከተቀየረ በኋላ መሪው ወደ መሃል የማይመለስ ማዝዳ ኤምኤክስ-5

መኪናዋ የመጀመሪያው ትውልድ ኤምኤክስ-5 ናት። አጭር ሞላና አዲስ አሞርዛተር ከገባላት በኋላ ከኩርባ ሲወጡ መሪው በራሱ አልመለስ አለ፤ በፍጥነት ላይም ወዲያ ወዲህ ትዋልላለች።

መጀመሪያ ቴስቲናዎቹ (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ መጋጠሚያዎች) ታዩ። የፊቱን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ መወዝወዝ ይበቃል፤ ልቅነት አልነበረም።

ችግሩ ኮንትሮል አርሙ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ላይ ተገኘ። ቡሎኖቹ የጠበቁት ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ነው። የቡሹ (የአርሙ መጋጠሚያ) ላስቲክ ከውስጠኛው ብረት ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ መኪናዋ ስትወርድ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፤ አርሙንም ይጎትታል። ከዚህ የባሰው ግን የታችኛው አርም ቡሎኖች ናቸው። ወጣ ገባ ካም (ከመሃሉ ውጪ የሚዞር ክብ ብረት) ስላላቸው ሲዞሩ ካምበርን (ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉን) እና ካስተርን (ጎማው ለመታጠፍ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ማዘንበሉን) ይቀይራሉ። እዚህ ያለ ምልክት ተፈትተው ነበር። ካስተር ሲያንስ መሪው የመመለስ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት ካሙን በቀለም ምልክት ማድረግ ግድ ነው!

መፍትሔው፦ ቡሎኖቹን ማላላት፣ መኪናዋን በጎማዋ ማቆም፣ ሞላው ቦታውን እንዲይዝ ጫን ጫን ማድረግ፣ ከዚያ እዚያው እንደቆመች በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ማጥበቅ።

አላይመንቱ (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል) ከኋላ ይጀምራል፤ የኋላው ከተጣመመ የፊቱ ልክ አይሆንም። ካስተር ወደ 5 ዲግሪ፣ ግራና ቀኙ እኩል፤ ካምበር ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ፤ ቶ-ኢን (የጎማዎቹ የፊት ጠርዝ ወደ ውስጥ መጠጋት) ከፊት በድምሩ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ከኋላ ከ2 እስከ 3። የፊቱን ቶ-ኢን ለማስተካከል የመሪ ዘንጎቹን ስታዞሩ የአቧራ መከላከያውን ማሰሪያ ፍቱ፤ አለዚያ ተጠማዝዞ ይቀደዳል።