ዶፒንግ የሲሊከንን ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ምን ያህል እንደሚቀንሰው በእጅ እንዴት ማስላት ይቻላል

ንጹህ ሲሊከን ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ትንሽ ቦሮን ወይም ፎስፎረስ ሲጨመርበት ግን፣ ዶፒንግ የሚባለው ይሄ ነው፣ ኤሌክትሪክ ማሳለፉ በብዙ ሺህ እጥፍ ይጨምራል። ታዲያ ሙቀት ማስተላለፉም አብሮ ያድጋል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። አያድግም። እንዲያውም ይቀንሳል።

በመዳብ ውስጥ ሙቀቱን ተሸክመው የሚሮጡት ኤሌክትሮኖች ናቸው። በሲሊከን ውስጥ ግን ሙቀት የሚሄደው በአተሞቹ ንዝረት ነው፤ አንዱ ሲርገበገብ አጠገቡ ያለውን ይነቀንቃል፣ እሱም ቀጣዩን፣ እንዲህ እያለ ሞገዱ ይጓዛል። ይህ የንዝረት ሞገድ ፎኖን ይባላል። እጅ ለእጅ ተያይዘው በሚጨፍሩ ሰዎች መሃል እርምጃው የማይገጥም አንድ ሰው ቢገባ ሰልፉ እዚያ ጋ ይዛባል አይደል? ባዕድ አተምም ፎኖኑን እንደዚያ ይበትነዋል።

አሁን ወደ ስሌቱ።

መጀመሪያ ስንት ባዕድ አተም እንዳለ እወቁ። ዌፈር፣ ማለትም ቺፕ የሚሠራበት ስስ የሲሊከን ዝርግ፣ ሬዚስቲቪቲው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከላከልበት መጠን፣ በኦም ሴንቲሜትር ተጽፎበት ነው የሚሸጠው። ቦሮን የተጨመረበት ባለ 1 ኦም ሴንቲሜትር ዌፈር በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ወደ 1.5×10¹⁶ የቦሮን አተም አለው። 0.001 ከሆነ ቁጥሩ ወደ 10²⁰ ይደርሳል።

ቀጥሎ ይህን ከሲሊከን አተሞች ቁጥር ጋር አወዳድሩት። እነሱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 5×10²² ናቸው። የመጀመሪያው ዌፈር ከ3 ሚሊዮን አተም አንድ ባዕድ ብቻ አለው፤ እሱን እርሱት፣ በክፍል ሙቀት የንጹህ ሲሊከንን 148 ዋት በሜትር በኬልቪን ተጠቀሙ። ሁለተኛው ግን ከ500 አንድ ነው። ይሄ ከባድ ነው። እኔ ከ10¹⁷ በታች አልጨነቅም፣ ከ10¹⁹ በላይ ከሆነ ግን ሳልቀንስ አላልፍም።

ሦስተኛ፣ የባዕዱን አተም ክብደት እዩ። የክብደቱን ልዩነት ለሲሊከን ክብደት፣ ማለትም ለ28፣ አካፍሉና ውጤቱን በራሱ አባዙ። ለቦሮን 0.38 ገደማ፣ ለፎስፎረስ 0.01፣ ለአርሰኒክ 2.8 ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ሲያድግ መበተኑም ያይላል። ግን እባካችሁ፣ ከዚህ ተነስታችሁ ፎስፎረስ ምንም አያደርግም እንዳትሉ! መጠኑ ከሲሊከን ስለሚለይ አካባቢውን ያጣምማል፣ የሚለቀው ኤሌክትሮንም ራሱ ፎኖኖችን ይበትናል።

አራተኛ፣ ኤሌክትሮኖቹ የሚያግዙትን ጨምሩ። ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙን በኬልቪን ሙቀትና በ2.44×10⁻⁸ አባዙት። የ0.001ዱ ዌፈር አቅም በሜትር 100,000 ሲመንስ ነው፤ በ300 ኬልቪን ውጤቱ 0.73 ብቻ ይሆናል። ከ148 አንጻር ግማሽ በመቶ እንኳን አይሞላም። ኤሌክትሪኩ ያን ያህል አድጎ ለሙቀቱ የደረሰው ይሄው ነው።

ከዚያ የሚሠራበትን ሙቀት አትርሱ። በ400 ኬልቪን ንጹሁ ሲሊከንም ወደ 100 ገደማ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ፎኖኖቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ስለዚህ የዶፒንጉ ድርሻ ያንሳል። በቅዝቃዜ ተቃራኒው ነው። በ25 ኬልቪን አካባቢ ንጹህ ሲሊከን ብዙ ሺህ ዋት በሜትር በኬልቪን ስለሚያስተላልፍ፣ ቅድም እርሱት ያልኳችሁ ዓይነት ትንሽ ዶፒንግ እንኳን ጎልቶ ይታያል።

በመጨረሻ ያገኛችሁትን ተጠቀሙበት። ኃይሉን በውፍረቱ አባዙ፣ ከዚያ ለስፋቱና ለማስተላለፍ አቅሙ ብዜት አካፍሉ። 1 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋትና ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ዌፈር 50 ዋት ቢያልፍ፣ በ148 ስታሰሉት በሁለቱ ገጽ መካከል ያለው ልዩነት 1.7 ዲግሪ ነው። አቅሙ ወደ 100 ወርዷል ብላችሁ ካሰላችሁ 2.5 ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፣ ለሙሉ ዌፈር ትንሽ ነውም። ትራንዚስተሩ ያለበት ቦታ ላይ ግን ያው ሙቀት በጣም ጠባብ በሆነ ነጥብ ላይ ይከማቻል፣ የሲሊከኑ ንብርብር ውፍረትም 100 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ፎኖኖቹ ከገጹ ጋር ስለሚጋጩ ንጹሁ ሲሊከን ራሱ አቅሙ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ስሌቱን ከ148 አትጀምሩ።