የቤንጃሚን ፍራንክሊንን የምግባር መዝገብ አያያዝ

እ.ኤ.አ. በ1706 በቦስተን የተወለደው፣ በፊላደልፊያ በማተሚያ ሥራ ራሱን የቻለው፣ የመብረቅ መከላከያ ዘንግን የፈለሰፈውና የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ ጠባዩን ለማረም በወጣትነቱ ያዘጋጀው መዝገብ ዛሬም ማንም ሊሠራበት የሚችል ነው።

በመጀመሪያ አንዲት ትንሽ ደብተር አዘጋጅተው ለ13ቱ ምግባራት ለየአንዳንዳቸው አንድ ገጽ ይመድቡ፤ እነርሱም በመብልና በመጠጥ መጠን ማወቅ፣ ዝምታ፣ ሥርዓት፣ ቁርጠኝነት፣ ቁጠባ፣ ትጋት፣ ቅንነት፣ ፍትሕ፣ ልከኝነት፣ የአካልና የልብስ ንጽሕና፣ እርጋታ፣ ከዝሙት መራቅና ትሕትና ናቸው። በየገጹ ለሳምንቱ ቀናት 7 ዓምዶችን፣ ለምግባራቱ 13 መስመሮችን ያስምሩ፤ ማታ ማታም ውሎዎን መርምረው ጥፋት በተገኘበት ሁሉ ጥቁር ነጥብ ያኑሩ።

የዘዴው ብልሃት፣ በእኔ እምነት፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማሸነፍ አለመሞከሩ ነው። በየሳምንቱ አንዱን ምግባር ብቻ አጥብቀው ይጠብቁ፣ የሌሎቹን ጥፋት ግን መመዝገብዎን አያቋርጡ፤ በዚህ አኳኋን አንዱ ዙር በ13 ሳምንታት ስለሚያልቅ በዓመት 4 ጊዜ መደጋገም ይቻላል። ፍራንክሊን መጠን ማወቅን ያስቀደመው፣ የጠራ አእምሮ ለቀሪዎቹ ሁሉ መሠረት ነው ብሎ ስላመነ ነው።

ነጥቦቹን በእርሳስ መጻፍ ይሻላል፤ የእርሱ ወረቀት ደጋግሞ ከመፋቁ የተነሣ ተበሳስቶ፣ በእርጥብ ስፖንጅ ወደሚጠረግ የዝሆን ጥርስ ገጽ ለመዛወር ተገድዷል። ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ እንዳስቸገረውም ራሱ ጽፏል፤ ስለዚህ አንዱ መስመር ለረጅም ጊዜ በነጥብ ቢሞላ ተስፋ አይቁረጡ። ትሕትና በዝርዝሩ የገባው አንድ ወዳጁ ኩራተኛ መሆኑን በግልጽ ከነገረው በኋላ ነውና፣ እርስዎም ዝርዝርዎን ከመወሰንዎ በፊት የሚያምኑትን ሰው ያማክሩ።