ያለ እሳት የሚያበስል ሳጥን ከአሮጌ ጣውላና ከጤፍ ጭድ እንዴት እንደሚሠራ

ሽምብራ ወይም ባቄላ ሲቀቀል አብዛኛው ከሰል የሚነደው እህሉን ለማብሰል ሳይሆን፣ ድስቱ በጎኑና በክዳኑ ወደ አየር የሚያባክነውን ሙቀት ለመተካት ነው። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ ጥራጥሬው የሚፈልገው በቂ ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ መቆየትን ብቻ ሲሆን፣ ውሃው ሲንተከተክ መቆየቱ ብዙም አያፈጥነውም። ስለዚህ የፈላው ድስት ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ከታች፣ ከዙሪያና ከላይ ተሸፍኖ ከተቀመጠ ምግቡ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል፤ ምድጃውም ለሌላ ሥራ ይለቀቃል። በዚህ መንገድ የሚያበስል ሳጥን እ.ኤ.አ. በ1867 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የኖርዌይ ማብሰያ ተብሎ ለእይታ ቀርቦ ነበር። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመንም ማገዶና ጋዝ ያጠራቸው የአውሮፓ ቤተሰቦች ድርቆሽ በሞሉት ሳጥን ያበስሉ ነበር። በእኛ አገር ከድርቆሽ ይልቅ የጤፍ ጭድ በቀላሉ ስለሚገኝና ጭዱ ደቃቅ ሆኖ ክፍተት ሳይተው ስለሚጠቀጠቅ፣ ለዚህ ሥራ እንዲያውም የተሻለ ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሙቀቱን የሚይዘው እንጨቱ ሳይሆን ሙሌቱ፣ ማለትም በጭዱ መካከል ታስሮ የቀረው አየር ነው። ጣውላው ሙሌቱን ከመሰብሰብና ከአይጥ ከመጠበቅ ያለፈ ሚና ስለሌለው፣ ለሳጥኑ ውበት ብዙ ገንዘብ ማውጣት አይመከርም። እንጨት ያላገኘ ሰው በጠንካራ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ ዚፑ በተበላሸ ትልቅ ሻንጣ ወይም ክዳኑ በተሰነጠቀ አሮጌ የበረዶ ሣጥን ቢሠራው ውጤቱ ከጣውላው እምብዛም አያንስም።

ድስቱን መምረጥና መጠን መውሰድ

ሳጥኑ ለድስቱ ይሠራል እንጂ ድስት ለሳጥኑ አይፈለግም። የሚመረጠው ድስት ክዳኑ በደንብ የሚገጥም፣ ረጅም እጀታ የሌለው፣ ቤተሰቡ በሚያበስለው መጠን ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የሚሞላ መሆን አለበት። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በብዙዎች ዘንድ ቸል ይባላል፤ ሙቀት የሚጠራቀመው በውሃውና በምግቡ ውስጥ በመሆኑ፣ በትልቅ ድስት ውስጥ ያለ ጥቂት ምግብ የቱንም ያህል ቢሸፈን ቶሎ ይቀዘቅዛል። ለሁለት ሰው የሚያበስል ሰው ትንሽ ድስትና ትንሽ ሳጥን ይሥራ።

መጠን ሲወሰድ በድስቱ ዙሪያ፣ ከሥሩና ከክዳኑ በላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ለሙሌት ይተዋል። ለምሳሌ የድስቱ ስፋት 24፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ሲለካ 32፣ ከነክዳኑ ቁመቱ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሳጥኑ የውስጥ ወርድ 44፣ ርዝመቱ 52፣ ቁመቱም 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከፓሌት፣ ማለትም ዕቃ ተደርድሮ ከሚጫንበት የእንጨት መደብ የሚወጣው ጣውላ ብዙውን ጊዜ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚሰፋ፣ አራት ጣውላ ተደራርቦ አንዱን ጎን ይሞላል።

ዕቃዎቹን ማሰባሰብ

ፓሌት ዕቃ ከሚያስመጡ መጋዘኖችና ከግንባታ ሥፍራዎች አካባቢ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ ቢሄድ የተፈታ ጣውላ፣ ያገለገለ ማጠፊያና ተቃንቶ የተዘጋጀ ምስማር ሳይቀር ያገኛል። ከውጭ በመጣ ፓሌት ላይ የስንዴ ዘለላ ምልክት ያለበት ማኅተም ይኖራል። በማኅተሙ ላይ «ኤች ቲ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ከታዩ እንጨቱ ተባይ እንዲሞት በሙቀት የታከመ ስለሆነ ለቤት ዕቃ ይሆናል። «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ ግን በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነውና ለወጥ ቤት መጠቀም ተገቢ አይደለም። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት፣ የሚሸት ወይም ቀለሙ የተለወጠ ጣውላም መተው አለበት።

ለሙሌቱ አንድ ማዳበሪያ ተጠቅጥቆ የተሞላ ደረቅ ጭድ ይበቃል። ጭድ በማይገኝበት ቦታ ከእንጨት ቤት የሚለመን ደረቅ ሰጋቱራ፣ የተቆራረጠ አሮጌ ልብስ ወይም የብርድ ልብስ ቁራጭ ያገለግላል። ከዕቃ ማሸጊያ የሚወጣው ነጭ ፎም ሙቀት በመያዝ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሆኖም የፈላ ድስት ሲነካው ስለሚለሰልስና ቅርጹን ስለሚያጣ፣ በሳጥኑ ግድግዳ በኩል ብቻ ተደርጎ በእሱና በድስቱ መካከል ወፍራም የጨርቅ ወይም የጭድ ንጣፍ ሊኖር ይገባል። የመስታወት ጥጥ ግን ብናኙ ቆዳንና ሳንባን ስለሚጎዳ፣ በነጻ ቢገኝም ለምግብ ሣጥን አይሁን። ከዚህ ሌላ አንድ አሮጌ አንሶላ፣ ለትራስ የሚሆን የጋቢ ቁራጭ፣ መዶሻ፣ መጋዝ፣ ሜትር፣ ብርጭቆ ወረቀትና ሁለት ማጠፊያ ያስፈልጋሉ።

ሳጥኑን መግጠም

ፓሌት ሲፈታ ጣውላውን በኃይል መገንጠል ጫፉን ይሰነጥቀዋል። ይልቁንም በጣውላውና በተሸካሚው እንጨት መካከል የብረት መጋዝ አስገብቶ ምስማሩን መቁረጥ ጣውላውን ያድናል። በጣውላው ውስጥ የቀሩት የምስማር ጫፎች ከኋላ ተመትተው መውጣት ወይም መቀጥቀጥ አለባቸው፤ እጅ በየቀኑ የሚገባበት ሳጥን ነውና።

በመጀመሪያ ለማዕዘን የሚሆኑ አራት የሞራሌ ቁራጮች እያንዳንዳቸው 40 ሴንቲ ሜትር ሆነው ይቆረጣሉ። በሁለቱ ሞራሌዎች ላይ አራት አራት ጣውላ በአግድም እየተመታ ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ለየብቻ መሬት ላይ ይዘጋጃሉ፤ ከዚያ ሁለቱን ጎኖች ትይዩ አቁሞ በአጫጭር ጣውላዎች ማገናኘት ነው። አሮጌ ደረቅ ጣውላ በምስማር በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ፣ የምስማሩን ሹል ጫፍ በመዶሻ ትንሽ መትቶ ማደደብ ወይም በቅድሚያ በቀጭኑ መብሳት ይጠቅማል። ወለሉ ከታች ይመታል፤ ክዳኑም በተመሳሳይ መንገድ ተሠርቶ በማጠፊያ ይያያዛል። በጣውላዎቹ መካከል ጠባብ ክፍተት ቢቀር አያሳስብም፤ በውስጥ በኩል የካርቶን ወረቀት ከተለበጠ ጭዱም አይፈስም፣ ነፋስም አይገባም።

ሙሌቱና ትራሱ

የሥራው ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ መቸኮል አያስፈልግም። በሳጥኑ ወለል ላይ ጭድ ተበትኖ፣ በእጅ ከተጫነ በኋላ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ድረስ ይደለደላል። በላዩ ላይ የድስቱን ሥር የሚያህል የሴራሚክ ንጣፍ ስባሪ ወይም ቀጭን ጣውላ ይቀመጣል፤ ይህ ድስቱ እንዳይሰምጥና ትኩስ ሥሩ በቀጥታ ጭዱ ላይ እንዳያርፍ ያደርጋል። ከዚያም ባዶው ድስት ከነክዳኑ በአንድ ዙር ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መሐል ላይ ይቀመጥና፣ በዙሪያው ጭዱ በእፍኝ በእፍኝ እየተጨመረ እስከ ክዳኑ ጫፍ ድረስ ይጠቀጠቃል። በሚጠቀጠቅበት ጊዜ ጭዱ ክፍተት እንዳይኖረው ያህል ጠንከር፣ እንደ ጡብ እንዳይደርቅ ያህል ደግሞ ላላ መደረግ አለበት፤ ከመጠን በላይ ከታመቀ በመካከሉ ያለው አየር ስለሚወጣ ሙቀት የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል።

ድስቱ በጥንቃቄ ሲወጣ ቅርጹን የያዘ ጎድጓዳ ሥፍራ ይቀራል። አንሶላው በዚህ ጎድጓዳ ውስጥ ተነጥፎና በእጅ ተስተካክሎ፣ ጠርዙ በሳጥኑ የላይኛ አፍ ዙሪያ በትናንሽ ምስማሮች ይመታል። ብርድ ልብሱ የያዘው ቦታ ለድስቱ መግቢያና መውጫ የሚሆን ስፋት ይሰጠዋል።

ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው የላይኛው ክፍል ነው። ከጋቢ ቁራጭ ወርዱና ርዝመቱ ከሳጥኑ የውስጥ ልክ በሁለት በሁለት ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ትራስ ተሰፍቶ፣ በጭድ ወይም በተቆራረጠ ልብስ ተሞልቶ፣ ውፍረቱ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደረጋል። ክዳኑ ሲዘጋ ትራሱን በትንሹ መጫን አለበት፤ ሳይነካው ከተዘጋ ትራሱ ቀጭን ነው ማለት ነው። ክዳኑ ወደ ላይ እንዳይነሳ በገመድ ወይም በመንጠቆ ይታሰራል።

መሞከር

ምግብ ከመግባቱ በፊት በውሃ መፈተሽ ይገባል። ድስቱ ሦስት አራተኛው ውሃ ተሞልቶ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ለአምስት ደቂቃ ከፈላ በኋላ ወዲያውኑ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ ከአራት ሰዓት በኋላም በምግብ ቴርሞሜትር ይለካል። 70 ዲግሪ አካባቢ ከተገኘ ሳጥኑ በሚገባ ተሠርቷል። ከ60 በታች ከሆነ ግን ምግብን ለረጅም ሰዓት ለማቆየት አያስተማምንም፤ ተህዋስያን ሊራቡ የሚችሉት ከዚህ በታች ባለው ሙቀት ነውና። ጉድለቱ በአብዛኛው የሚገኘው ከትራሱ ጠርዝ ሲሆን፣ ክዳኑ ተዘግቶ በዳር በኩል በእጅ ሲዳሰስ ሙቀት የሚያወጣው ቦታ በቀላሉ ይታወቃል።

አጠቃቀም

የደጋ ነዋሪ በቆላ አገር የተጻፈን የማብሰያ ሰዓት እንዳለ መቀበል የለበትም። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትር ከፍታው በግምት 1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ በዚህ ስሌት ድሬዳዋ ላይ ወደ 96፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 92፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ወደ 91 ዲግሪ ሲሆን ውሃ ይፈላል። ምግቡ ሳጥን ውስጥ የሚገባው በዚህ ሙቀት ስለሆነ፣ በደጋ በእሳት ላይም በሳጥኑ ውስጥም የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ለአዲስ አበባ ከፍታ ለመነሻ ያህል፣ ምስር ክክ ለአምስት ደቂቃ ፈልቶ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ የአተር ክክ ለአሥር ደቂቃ ፈልቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ ሩዝ ለአምስት ደቂቃ ፈልቶ አንድ ሰዓት ያህል ሳጥን ውስጥ ይቆያል። ሽምብራ፣ ባቄላና የንፍሮ ስንዴ ሌሊቱን ተዘፍዝፈው፣ ውሃቸው ተለውጦ፣ ለሃያ ደቂቃ ከፈሉ በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ፤ የጸሎተ ሐሙስን ጉልባን ለሚያዘጋጅ ቤት ይህ ብዙ ከሰል ያተርፋል። ሰዓቱ እንደ እህሉ ዕድሜ ይለያያል፤ ለዓመት የከረመ ሽምብራ ከአዲሱ ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። እንፋሎት ስለማይወጣ ውሃው ከተለመደው በሩብ ያህል ይቀነሳል፤ ቲማቲምና ሎሚ የጥራጥሬን መለስለስ ስለሚያዘገዩ እህሉ ከበሰለ በኋላ ይጨመራሉ።

ቦሎቄ፣ በተለይም ቀዩ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ መታየት አለበት። በውስጡ ያለው ሌክቲን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር የሚጠፋው በደንብ ሲፈላ ብቻ ነው፤ ከመፍላት በታች ባለ ሙቀት ብቻ የበሰለ ቦሎቄ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል። ስለዚህ ተዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ለሠላሳ ደቂቃ እየተንተከተከ ሳይፈላ ወደ ሳጥኑ መግባት የለበትም።

ሳጥኑ የማይችለውንም መናገር ተገቢ ነው። ቁሌት አያቁላላም፤ ሽንኩርትና በርበሬ መማሰልና ኃይለኛ እሳት ይፈልጋሉ። ሽሮም በምድጃ ላይ ቶሎ ስለሚደርስ ለእሱ ሳጥን ማሰናዳት ትርፍ ድካም ነው። ትልልቅ የሥጋ ቁራጮችም መሐላቸው ሳይሞቅ ሊገቡ ስለሚችሉ ባይሞከሩ ይሻላል። ይልቁንም ክኩ በሳጥኑ በስሎ፣ ቁሌቱ ለብቻው በምድጃ ተሠርቶ በመጨረሻ ቢቀላቀሉ ወጡ ጣዕሙን አያጣም።

ድስቱ ከምድጃ ወደ ሳጥን ሲዛወር ሥሩ በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ አለበት። በከሰል ወይም በእንጨት በሚያበስል ቤት ከሥሩ ጋር የተጣበቀ ፍም ወይም የሚነድ ጥላሸት ሊኖር ይችላል፤ ይህም ደረቅ ጭድ ውስጥ ከገባ ሳይታይ ቆይቶ እሳት ያስነሳል። በተመሳሳይ ምክንያት ሙቀቱን ለመጨመር ብሎ ፍም ሳጥኑ ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ሰዓቱ ድረስ ክዳኑ አይከፈት፤ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ከላይ የተጠራቀመው ሙቀት ስለሚወጣ ድስቱ እንደገና ፈልቶ መመለስ ይኖርበታል። ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ምግብም ከመበላቱ በፊት አንድ ጊዜ ይፈላል።

ከጥቅም በኋላ ትራሱና አንሶላው በእንፋሎት ስለሚርሱ ሳጥኑ ተከፍቶ መድረቅ ይገባዋል፤ ትራሱም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ጭዱ ከሸተተ፣ ከሻገተ ወይም አይጥ ከገባበት ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። በክረምት ወራት ጭድ እርጥበት ከአየር ስለሚስብ፣ ሳጥኑ መሬት ላይ ከሚቀመጥ በሁለት ጡብ ላይ ከፍ ብሎ ከግድግዳ ፈንጠር ቢደረግ ሙሌቱ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል።